ሳይቆርጡ ውስጥን ማየት፦ ሁለት ምስል ከአንድ ለምን ይበልጣል?

እናቶች ገበያ ላይ ምጣድ ወይም እንስራ ሲገዙ ልብ ብላችሁ አይታችኋል? መጀመሪያ ዕቃውን ወደ ብርሃን አንስተው ያገላብጡታል። ከዚያ በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ይሰጣሉ። ደህናው ዕቃ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ይታፈናል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል፤ ጆሮ የማይለየውን የከንፈሩን መሸረፍ ደግሞ ዓይን ያየዋል። ሰብሮ ማየት ቢቻል ኖሮ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነበር። ግን የተሰበረ እንስራ ማን ይገዛል?

መሐንዲሶች ይህን ዓይነቱን ሥራ ሳያፈርሱ መመርመር ይሉታል። የአውሮፕላን ክንፍ ደህና መሆኑን ለማወቅ ክንፉን መሰንጠቅ አይቻልም። የነዳጅ ቧንቧ ብየዳ ጠንካራ መሆኑን ለማወቅ ብየዳውን መቁረጥ ከንቱ ድካም ነው። የታመመ ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ለማወቅም ሆዱን መክፈት የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም። ሐኪሙና መሐንዲሱ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሳልነካው ውስጡን እንዴት ልየው?» የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎችም ከምትገምቱት በላይ ዘመዳሞች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው እንመለከታለን። ከዚያ ሁለቱን ማጣመር ለምን የሰው ሕይወት ጉዳይ እንደሚሆን ግልጽ ይሆንላችኋል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራጅ ጥላ ነው

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን ያገኘው በኖቬምበር 1895 ነው። ወሬው በጥቂት ወራት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። በ1896፣ ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ ከተማ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ ሐኪሞች በአዲሱ ጨረር ተጠቅመው በሁለት ወታደሮች ክንድ ውስጥ የተቀበረ ጥይት ፈለጉ። ወታደሮቹ ከየት እንደመጡ ታውቃላችሁ? ከኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ነበሩ። አዎ፣ የዓድዋው ዓመት ነው! ራጅ ለጦር ቁስለኛ ከዋለባቸው የመጀመሪያ አጋጣሚዎች አንዱ ይሄ ነው። ከዚያ በፊት ጥይት የሚፈለገው ቁስሉ ውስጥ ብረት እየከተቱ በመዳሰስ ነበር።

ግን ራጅ በመሠረቱ ጥላ ነው። እጃችሁን በመብራትና በግድግዳ መካከል ብታስገቡ ጥላችሁ ግድግዳው ላይ ያርፋል። ጥላው የእጃችሁን ቅርጽ ይነግራል፤ ጥልቀቱን ግን አይነግርም። ከእጃችሁ ኋላ አንድ ሳንቲም ብትይዙ ጥላው በእጃችሁ ጥላ ይዋጣል። በራጅም እንዲሁ ነው። ጥይቱ አጥንቱ ላይ ተደርቦ ከታየ፣ ያለው ከአጥንቱ ፊት ነው፣ ከኋላው ነው ወይስ ውስጡ ተሰክቶ ነው? አንድ ራጅ ብቻውን ይህን አይመልስም።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንዱን ከፊት፣ ሌላውን ከጎን ማንሳት። ሁለት ጥላ ከሁለት አቅጣጫ ሲገናኝ የጥይቱ ቦታ ይታወቃል። ዛሬም እጃችሁ ተሰብሮ ራጅ ብትነሱ ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ሁለት ምስል የሚነሳው ለዚሁ ነው።

ሲቲ ስካን ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ ወሰደው። ሁለት ጥላ ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥላዎችን ዙሪያውን ያነሳል። ከዚያ ኮምፒውተር «እነዚህን ሁሉ ጥላዎች የሚሰጥ ቅርጽ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ያሰላና ሰውነትን ሳይነካ እንደ ዳቦ ቁራጭ በቁራጭ ያሳያል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ በኦክቶበር 1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል አነሳ። ሃውንስፊልድ የሚሠራበት ኢኤምአይ የተባለው ኩባንያ ሕዝብ ይበልጥ የሚያውቀው በሙዚቃ ሸክላ ነበር። ሃውንስፊልድና አላን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ከብረት ፋብሪካ ወደ ማህፀን ክሊኒክ

አሁን ወደ ድምፅ እንሂድ። አልትራሳውንድ የሰው ጆሮ የማይሰማው፣ በሰከንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገብ ድምፅ ነው። መሣሪያው ድምፁን ይልክና የገደል ማሚቶውን ይጠብቃል። ድምፅ በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ ማሚቶው ከ65 ሚሊዮንኛ ሰከንድ በኋላ ከተመለሰ፣ ደርሶ መልስ መንገዱ 10 ሴንቲሜትር ነው፤ ማለትም ድምፁን የመለሰው ነገር 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ አለ ማለት ነው። እስቲ ራሳችሁ አስሉት።

ታሪኩ ግን ከሆስፒታል አይጀምርም። በስኮትላንድ የግላስጎው የማህፀን ሐኪም የነበረው ኢያን ዶናልድ በ1955 ወደ አንድ የብረት ቦይለር ፋብሪካ ሄደ። ፋብሪካው የብረት ስንጥቅ የሚፈልግበት የድምፅ መሣሪያ ነበረው። ዶናልድ በመኪና ጭኖ የወሰደው ግን ብረት አልነበረም፤ በቀዶ ሕክምና የወጡ ዕጢዎችና በፈሳሽ የተሞሉ ከረጢቶች ነበሩ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ቀረበ። ውጤቱ? ጠጣሩ ዕጢና ፈሳሽ የያዘው ከረጢት የሚሰጡት ማሚቶ የተለያየ ሆነ። ፈሳሹ ውስጥ ድምፅ የሚመልስ ነገር ስለሌለ ጸጥታ ነው፤ ጠጣሩ ግን ከውስጡ ብዙ ትናንሽ ማሚቶ ይመልሳል።

ይህ ልዩነት ለአንዲት ሴት ሕይወት ሆነላት። ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና የማይድን የሆድ ካንሰር አለባት ብለው ገምተው ነበር። ዶናልድና ባልደረቦቹ በድምፅ ሲመረምሯት ሆዷ ውስጥ ያለው ትልቅ፣ በፈሳሽ የተሞላ የእንቁልጢ ከረጢት ሆኖ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና ወጣና ዳነች። ዶናልድ፣ ከሐኪሙ ጆን ማክቪካርና ከመሐንዲሱ ቶም ብራውን ጋር ሆኖ ውጤቱን በ1958 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጣ። ዛሬ ነፍሰ ጡር ሴት የምትታይበት አልትራሳውንድ የዚያ የብረት መመርመሪያ የልጅ ልጅ ነው።

አንዱ የሚያየውን ሌላው ለምን ያልፈዋል?

ወደ ብረቱ እንመለስ፤ እዚህ ጋ ዋናው ምሥጢር ይገለጣል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት ሰሌዳ አለ እንበል። ውስጡ ስፋቱ 0.02 ሚሊሜትር ብቻ የሆነ ቀጭን ስንጥቅ አለ።

ስንጥቁ እንደ ወለል ተዘርግቶ ከተኛና ራጁ ከላይ ወደ ታች ቢወርድ ጨረሩ ከ20 ሚሊሜትር ብረት ውስጥ የሚያጣው 0.02 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አንድ ሺህኛ! በፊልሙ ላይ የሚታይ ልዩነት የለም፤ ራጁ «ሰሌዳው ደህና ነው» ይላል። ድምፁ ግን ከላይ ሲላክ ያ የተኛ ስንጥቅ እንደ ግድግዳ ይሆንበታል፤ መትቶት ይመለሳል። በጣም ቀጭን ቢሆንም በብረትና በአየር መካከል ያለው ልዩነት ድምፁን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል።

አሁን ስንጥቁን አቁሙት። ቁመቱ 5 ሚሊሜትር ሆኖ ወደ ጨረሩ አቅጣጫ ቆሟል። ራጁ በዚያች መስመር ከ20 ሚሊሜትር ውስጥ 5ቱን፣ ማለትም ሩብ ያህሉን ብረት ያጣል፤ መስመሯ በግልጽ የመታየት ዕድል አላት። ድምፁ ደግሞ ቀጥ ብሎ ከላይ ከተላከ የሚያገኘው የስንጥቁን ቀጭን ጫፍ ብቻ ስለሆነ ሊያልፈው ይችላል።

ስለዚህ ጥያቄው «ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» አይደለም። የአንዱ ዓይነ ስውር ቦታ የሌላው ጥሩ ቦታ ነው። ሁለቱም መሣሪያዎች «ደህና» ሲሉ ያለን መተማመን፣ አንዱን መሣሪያ ሁለት ጊዜ ተጠቅመን ከምናገኘው በጣም ይበልጣል። አንድ ዓይነት ስህተት የሚሠሩ ሁለት ምስክሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ፤ የተለያየ ቦታ ቆመው ያዩ ሁለት ምስክሮች ግን በእርግጥም ሁለት ናቸው።

«የት ነው?» እና «ምን እያደረገ ነው?»

በሕክምና ከታወቁት ጥምረቶች አንዱ ፔት-ሲቲ ነው። ሲቲ ስካን ቅርጽ ያሳያል። ግን አንድ እብጠት ቢታይ በሕይወት ያለ ካንሰር ይሁን ወይም ከቀድሞ ሕክምና የቀረ ጠባሳ፣ ከቅርጹ ብቻ መለየት ብዙ ጊዜ ያስቸግራል። ፔት የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ይህ ሥጋ ምን ያህል ስኳር እየበላ ነው?»

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስኳር መሰል ሞለኪውል ላይ ፍሎሪን-18 የተባለ ራዲዮአክቲቭ አተም ይታሰራል፤ ትንሽ መጠን በደም ሥር ይሰጣል። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ስኳር በብዛት ስለሚወስዱ ሞለኪውሉ እዚያ ይከማቻል። ፍሎሪን-18 ሲፈራርስ ፖዚትሮን ያወጣል። ፖዚትሮኑ ቅርብ ያለ ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፉና በምትካቸው ሁለት ጋማ ጨረሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይበርራሉ። ታካሚውን የከበበው ቀለበት ሁለቱን በአንድ ቅጽበት ሲይዝ «ምንጩ በዚህ መስመር ላይ ነው» ይላል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መስመሮች ሲሰበሰቡ ምስል ይሆናሉ።

የፍሎሪን-18 ግማሽ ዕድሜ 110 ደቂቃ ያህል ነው። ከተሠራ ከ110 ደቂቃ በኋላ ግማሹ፣ ከ220 ደቂቃ በኋላ ሩቡ ይቀራል። ስለዚህ ወር ሙሉ መጋዘን ውስጥ አይቀመጥም፤ የሚሠራበት ቦታ ከሆስፒታሉ በሰዓታት የሚቆጠር ርቀት ላይ መሆን አለበት። ፔት ስካን ውድና በየቦታው የማይገኝ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

የፔት ድክመት ደግሞ ምስሉ መደብዘዙ ነው። በጉም ውስጥ የሚታይ መብራት አስቡ፤ መብራት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አታውቁም። ሲቲ በተቃራኒው ቤቱን ሁሉ አጥርቶ የሚያሳይ፣ የቱ ቤት መብራት እንደበራ ግን የማይናገር ካርታ ነው።

ታዲያ ሁለቱን መደራረብ ነዋ! ትሉ ይሆናል። መጀመሪያ የተሞከረው ይኸው ነበር። ታካሚው አንድ ቀን ፔት፣ ሌላ ቀን ሲቲ ይነሳና ምስሎቹ በኮምፒውተር ይደራረባሉ። ግን ሰው ድንጋይ አይደለም። አተኛኘቱ ይለያል፣ ፊኛው ይሞላል፣ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል። ዴቪድ ታውንሰንድና ሮናልድ ነት የመሩት ቡድን ችግሩን ከሥሩ ፈታው፤ ሁለቱን መሣሪያዎች አጣምሮ አንድ አልጋ ሰጣቸው። የመጀመሪያው ጥምር መሣሪያ በ1998 አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ቆመው ብቻ አይደለም የሚሠሩት፤ ሲቲው ፔቱን ያርማል። ከሰውነት ጥልቅ ቦታ የሚመጣ ጋማ ጨረር በመንገዱ ላይ ስለሚዋጥ ዕጢው ከእውነቱ የደበዘዘ ሊመስል ይችላል። ሲቲው የሰውነቱን ጥግግት ስለሚያውቅ «ከዚህ ቦታ የመጣው ይህን ያህል ተውጦበታል» ብሎ ሒሳቡን ያስተካክላል።

ሁለቱም ተስማምተው ሲሳሳቱ

«በቃ፣ ሁለት ምስል ካለን እውነቱን አገኘን» ማለት ግን አይቻልም። ፔት የሚያየው ካንሰርን አይደለም፤ የስኳር ፍጆታን ነው። ስኳር በብዛት የሚበላው ደግሞ ካንሰር ብቻ አይደለም። ጤናማ አንጎል ይበላል፣ ልብ ይበላል፤ ከተሕዋስያን ጋር የሚዋጉ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም ይበላሉ።

ለእኛ አገር ይሄ ትልቅ ጉዳይ ነው። ቲቢ ሳንባ ውስጥ እብጠት ይፈጥራል፤ ሲቲው «እዚህ እብጠት አለ» ይላል፤ ፔቱ «እብጠቱ ስኳር እየበላ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። ሁለቱን ሰምቶ «ካንሰር ነው» ብሎ የሚደመድም ሐኪም ግን ሊሳሳት ይችላል፤ ቲቢ ደግሞ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። ለዚህ ነው በብዙ ሁኔታ ከዕጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው። ምስሉ ናሙናውን አያስቀርም፤ መርፌው የት መግባት እንዳለበት ግን ያመለክታል።

ትንፋሽም ያታልላል። ሲቲው በጥቂት ሰከንድ ሲያልቅ ፔቱ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ሰውየው ይተነፍሳል። የጉበት አናት ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ጉበት ላይ ያለ ዕጢ በተደራረበው ምስል ላይ ሳንባ ውስጥ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል።

ብርሃን ገብቶ ድምፅ ሲወጣ

አንድ ሙከራ እንሥራ። ማታ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት ጣታችሁ ሥር አድርጉና አብሩ። ጣታችሁ ቀይ ሆኖ ይበራል። ብርሃን ሥጋ ውስጥ ይገባል ማለት ነው! ግን አጥንታችሁን አታዩትም፤ ምክንያቱም ብርሃኑ እንደ ወተት ውስጥ እየተበተነ ስለሚሄድ መንገዱን ይስታል።

ድምፅ ግን ሥጋ ውስጥ በዚያ መጠን አይበተንም። ታዲያ ብርሃን አስገብተን ድምፅ ብናወጣስ? አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ የስልኩ ቤል፣ በ1880 ቶሎ ቶሎ የሚቆራረጥ ብርሃን ነገሮች ላይ ሲያርፍ ድምፅ እንደሚያስወጣቸው አስተውሎ ነበር። ዛሬ ፎቶአኩስቲክ የሚባለው ዘዴ በዚሁ ይሠራል። በጣም አጭር የሌዘር ብልጭታ ይላካል፤ ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ብርሃኑን ይውጥና በጥቂቱ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደካማ ድምፅ ያወጣል። ድምፁን አልትራሳውንድ መቀበያ ይሰማዋል። ኦክስጅን የያዘና ያልያዘ ደም ቀለማቸው ስለሚለያይ፣ በተለያየ የብርሃን ቀለም በመጠቀም ደሙ ምን ያህል ኦክስጅን እንደያዘም መገመት ይቻላል። ገደቡ ጥልቀት ነው፤ ጥቂት ሴንቲሜትር ካለፈ ብርሃኑ ያልቃል።

ሌላም ፈተና አለ፤ እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃን ይውጣል። ጥቁር ቆዳ ላይ ብዙ ብርሃን ገና ከላይ ይቀራል፤ ቆዳው ራሱ ጠንከር ያለ ድምፅ ያወጣና ከሥር የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ይሸፍናል። ፊዚክሱ ሊታረም የማይችል አይደለም፤ ግን መሣሪያው ሲሠራና ሲፈተሽ የሁሉም ቆዳ ቀለም ከተካተተ ብቻ ነው የሚታረመው።

ሰላም፦ ሊቆረጥ የማይችል የራስ ቅል

አሁን ከሆስፒታል ወጥተን ወደ አፋር እንሂድ። በ2000 በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ የአንዲት ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ዕድሜው 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ዝርያዋ የሉሲ ወይም የድንቅነሽ ዝርያ ነው። ሰላም ተባለች። አጥንቷ በጠጣር አሸዋማ ድንጋይ ተጣብቆ ስለነበር ድንጋዩን በጥንቃቄ ማስለቀቅ ዓመታት ወሰደ።

ጥያቄው ይሄ ነበር፤ የዚህች ልጅ አንጎል የሚያድገው እንደ ቺምፓንዚ ቶሎ ነው ወይስ እንደ ሰው ቀስ ብሎ? ለመመለስ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ስትሞት የአንጎሏ መጠንና ስትሞት ዕድሜዋ። አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም። የራስ ቅሉን መክፈት፣ ጥርሱን መሰንጠቅ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ ሌላ ሰላም የለችም።

የራስ ቅሉ ግረኖብል፣ ፈረንሳይ ወደሚገኘው ሲንክሮትሮን ተወሰደ። ይህ እጅግ ብርቱ ራጅ የሚያመነጭ ግዙፍ ቀለበት ነው። ምስሉ የአንጎሏን ማረፊያ ቅርጽ አሳየ፤ መጠኑ 275 ኩብ ሴንቲሜትር ያህል ነበር። ገና ያልበቀሉት ጥርሶቿ ውስጥ ደግሞ እንደ ዛፍ ቀለበት በየቀኑ የሚጨመሩ ስስ የዕድገት መስመሮች ታዩ። ተመራማሪዎቹ መስመሮቹን ቆጠሩ፤ 861 ቀን፣ ማለትም 2.4 ዓመት ገደማ። ከ3.3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተች ሕፃን ዕድሜ በቀን ሲቆጠር አስቡት!

የሌሎች የዝርያው አባላት የራስ ቅሎችም በሲቲ ተነስተው ከሰላም ጋር ተነጻጸሩ። በ2020 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፤ የአንጎሉ አደረጃጀት እንደ ዝንጀሮዎቹ ዘመዶቻችን ነበር፤ ዕድገቱ ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድ ነበር። ረጅም ልጅነት ማለት ረጅም የመማሪያ ጊዜ ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ያወቅነው አንድ ጥርስ ሳይሰነጠቅ ነው።

ምስል ሲሰጣችሁ ምን ትጠይቃላችሁ?

ሰላም ጨረሩ አያሳስባትም፤ ሕያው ሰው ግን ያሳስበዋል። ራጅ፣ ሲቲና ፔት ሰውነት ላይ ጨረር ያሳርፋሉ፤ ሁለቱን ማጣመር ብዙ ጊዜ ጨረሩን ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም «ብዙ ምስል ይሻላል» አይልም፤ «ይህ ተጨማሪ ምስል ውሳኔዬን ይለውጠዋል?» ይላል። የማይለውጠው ከሆነ አያዝዘውም።

እናንተም ማንኛውም የውስጥ ምስል ፊታችሁ ሲቀርብ፣ የሆስፒታልም ይሁን የድልድይ፣ አራት ነገር ጠይቁ። መሣሪያው በእርግጥ የለካው ምንድን ነው፤ ጥላ፣ ማሚቶ ወይስ ስኳር? የማያየውስ ምንድን ነው? ያ የማያየው ቦታ ላይ ሌላ ምስክር አለ? የተፈተሸውስ ማን ላይ ነው? አራቱን ሳይሰለቹ የሚጠይቁ ወጣት ሐኪሞች፣ መሐንዲሶችና የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ገና ብዙ ያስፈልጉናል። ከእናንተ አንዱ ለምን አይሆንም?